የኢንተርኔት ማስታወቂያና የተመልካቹ ምስጢር

ማስታወቂያ በጋዜጣና በራዲዮ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ጠባይ አልተለየውም፤ ይኸውም ማስታወቂያ አውጪው ጋዜጣውን ያውቅ ነበር እንጂ አንባቢውን አያውቅም ነበር። የሳሙና ወይም የጫማ ነጋዴ ስንት ሰው እንደሚያነበው በግምት ተረድቶ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ያነበበው ሰው ትናንት ምን እንደ መረመረ፣ ነገስ ምን ሊገዛ እንዳሰበ ግን ከራሱ ከአንባቢው ኅሊና በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ይህ ልማድ በአሜሪካ ምድር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገልብጦ የግለሰብ ዝንባሌ የሚሸጥና የሚለወጥ ሸቀጥ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን የስውር ምክርና የተንኮል ፍሬ አድርጎ ያስበዋል፤ ታሪኩን የተከታተለ ግን ከተንኮሉ ይልቅ ቸልታው በዝቶ ያገኘዋል።

በ1994 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እናወሳለን) ሉ ሞንቱሊ የተባለ ወጣት ባለሙያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በኔትስኬፕ ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ችግር ቀረበለት። የድረ ገጽ አሠራር ከመነሻው ዝንጉ ነበር፤ ገጹን የያዘው ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ የተጠየቀውን ገጽ ከላከ በኋላ ጠያቂውን ወዲያው ይረሳዋል፣ ያው ሰው ከአፍታ በኋላ ቢመለስ እንኳ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። ስለዚህ በኢንተርኔት ሱቅ ሊከፍት ላሰበ ነጋዴ፣ ገዢው አንድ በአንድ የመረጠውን ዕቃ ገጽ በተለወጠ ቍጥር አስታውሶ ማቆየት አስቸጋሪ ነበር። ለእያንዳንዱ ብራውዘር (የድረ ገጽ መመልከቻ ፕሮግራም) የማይለወጥ መለያ ቍጥር መስጠት ቀላል መፍትሔ ይመስል ነበር፤ ሞንቱሊ ግን ቍጥሩን ያየ ድረ ገጽ ሁሉ ተጠቃሚውን በሄደበት ሊከተለው እንደሚችል ስለ ተረዳ አልተቀበለውም። በምትኩ ያበጀው ኩኪ የተባለውን አጭር ጽሑፍ ነው፤ ሰርቨሩ ጽፎ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ያኖረዋል፣ ብራውዘሩም ለዚያው ለጻፈው ብቻ መልሶ ያሳየዋል እንጂ ለሌላ አይገልጠውም። እንግዲህ ዛሬ የስለላ መሣሪያ ተብሎ የሚወገዘው ነገር በተፈጠረበት ጊዜ ሰውን ከመከታተል የሚከለክል ሆኖ ታስቦ እንደ ነበረ ለፈጣሪው መመስከር ይገባል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት 27 ቀን ሆትዋይርድ የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት የኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የስልክ ኩባንያን ማስታወቂያ በገጹ ላይ አወጣ፤ ይህም በድረ ገጽ ላይ በአግድም ተዘርግቶ የሚታየው የሥዕል ማስታወቂያ መጀመሪያ ተብሎ ይቈጠራል። ሥዕሉ ራሱ ምንም በደል የለበትም። ነገር ግን በአንድ ገጽ ላይ የሚታይ ሥዕል ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር ሊመጣ ይችላል፤ ሥዕሉን የላከውም ኩባንያ እንደ ማንኛውም ሰርቨር የራሱን ኩኪ በተመልካቹ ኮምፒዩተር ማኖር ይፈቀድለታል። በ1996 ሥራውን የጀመረው ደብልክሊክ የተባለው ኩባንያ ሀብቱን የሠራው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ሥዕሎቹን በብዙ ድረ ገጾች ላይ እያሰራጨ፣ በሰፊ ገበያ ውስጥ በየሱቁ ደጃፍ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ሁሉ እንደሚጽፍ ያህል፣ ያንኑ ተመልካች ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር ይመዘግበው ጀመር። ተመልካቹ ግን ይህን አያውቅም ነበር፤ የለንደኑ ፋይናንሺያል ታይምስ በየካቲት 1996 እስኪጽፍ ድረስ ኩኪ የሚባል ነገር በኮምፒዩተሩ መኖሩን እንኳ የሰማ ሰው ጥቂት ነበር።

ወሬው ከተሰማ በኋላ የኢንተርኔትን የአሠራር ደንብ የሚያወጡት ሊቃውንት ጉዳዩን መረመሩት፤ በየካቲት 1997ም የቤል ላቦራቶሪው ዴቪድ ክሪስቶል ከራሱ ከሞንቱሊ ጋር ያዘጋጀው በቍጥር 2109 የተመዘገበው ሰነድ ወጣ። ቃሉ ግልጽ ነበር፤ ተጠቃሚው ዐውቆ ካልጐበኘው ሦስተኛ ወገን የሚመጣ ኩኪ ከመነሻው የተዘጋ ይሁን፣ መክፈት የሚፈልግ ተጠቃሚ በገዛ ፈቃዱ ይክፈተው የሚል ነው። ደንቡ ግን ትእዛዝ እንጂ አስፈጻሚ አልነበረውም። ብራውዘር ሠሪዎቹ ኔትስኬፕም ማይክሮሶፍትም በሩን ክፍት አድርገው ተዉት። ሞንቱሊ በኋላ ዘመን እንደ ጻፈው፣ በሩ ቢዘጋ ማስታወቂያ አውጪዎች ተጠቃሚው ሊያየውም ሊያጠፋውም የማይችለው ሌላ ስውር ዘዴ ይፈልጋሉ፣ በነጻ የሚነበቡት ድረ ገጾችም ገቢያቸው ይነጥፋል የሚል ስጋት ነበረበት። ምክንያቱ ከንቱ ነው አይባልም፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው የተሰጠውን መሣሪያ እንደ ተሰጠው ስለሚጠቀምበት፣ ሠሪው ክፍት የተወው በር ለሚሊዮኖች ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ለተጠቃሚው ምርጫ ሰጥተነዋል ማለትም የይስሙላ ነገር ይሆናል።

የቸልታው ዋጋ የታየው በ1999 ነው። ደብልክሊክ በዚያ ዓመት አባከስ ዳይሬክት የተባለውን ኩባንያ ገዛ፤ አባከስም ከዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ እያዩ በፖስታ የሚገዙትን የብዙ ሚሊዮን የአሜሪካ ቤተሰቦች ስም፣ አድራሻና ግዢ የያዘ መዝገብ ነበረው። እስከዚያ ድረስ በኩኪ የሚከተሉት ሰው ስም የለሽ ቍጥር ነበር፤ አሁን ግን ቍጥሩን ከስሙና ከቤቱ አድራሻ ጋር ለማዛመድ ታሰበ። ሕዝብ ተቈጣ፣ የምስጢር ተሟጋቾች ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን አቤት አሉ፣ ኮሚሽኑም ምርመራ ጀመረ። በመጋቢት 2000 የደብልክሊክ መሪ ኬቪን ኦኮነር፣ መንግሥትና ነጋዴዎች በሚስማሙበት ደንብ ሳይወሰን ይህን ማሰቡ ስሕተት እንደ ነበረ በይፋ ተናግሮ አሳቡን አቆመ፤ ኮሚሽኑም በጥር 2001 ምርመራውን ዘጋ። በእኔ ፍርድ ይህ ድል ከተባለ ግማሽ ድል ነው፤ ስሙ ተጠበቀ እንጂ ክትትሉ አልተነካምና።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። ጉግል ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2007 ተስማምቶ በ2008 ግዢውን ፈጸመ። ፌስቡክ በ2007 ተጠቃሚዎቹ በሌላ ድረ ገጽ የገዙትን ለወዳጆቻቸው የሚያበሥር ቢከን የተባለ አሠራር ቢያወጣ ተቃውሞ ተነሣበትና መሪው ማርክ ዙከርበርግ ይቅርታ ጠየቀ። የአውሮጳ ኅብረት በ2009 የኩኪ ፈቃድ እንዲጠየቅ ደነገገ፣ ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮም ጥብቁን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ፤ ፍሬው ግን በየገጹ ፊት የሚደቀነው የፈቃድ መጠየቂያ ሆነ፣ ሰውም ሳያነብ «እስማማለሁ» ማለትን ልማድ አደረገው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጥቶ ተቈጣጣሪነቱ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቶአል።

ብራውዘር ከሚሠሩት መካከል አፕል በሳፋሪ ላይ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ፈጽሞ ዘጋ። ጉግል በበኩሉ በዓለም ብዙ ሰው በሚገለገልበት በክሮም ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያስቀረው በጥር 2020 ቃል ገብቶ፣ ቀጠሮውን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በሐምሌ 2024 አሳቡን ለወጠ፤ በሚያዝያ 2025ም ለተጠቃሚው አዲስ የምርጫ ጥያቄ እንደማያቀርብና ነገሩ እንደ ነበረ እንደሚቀጥል አስታወቀ። እንግዲህ በ1997 «ይዘጋ» የተባለውን በር መዝጋት የሚሻ የክሮም ተጠቃሚ በቅንብሮቹ ውስጥ ስለ ግላዊነት በሚናገረው ክፍል ገብቶ በገዛ እጁ ይዝጋው።