ሆርሞኖች በሴቶች የወሲብ ፍላጎት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

የሴቶች የወሲብ ፍላጎት በዕድሜ፣ በጤና ሁኔታና በኑሮ አጋጣሚ ከፍና ዝቅ የሚል ተፈጥሯዊ ስሜት ነው። ለዚህ መለዋወጥ አንዱ ምክንያት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ሆርሞኖች መጠን መቀያየር ነው። ይህን ካለመገንዘብ የተነሳ ሴቶች ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ባለትዳሮችም እርስ በርስ ሲጠራጠሩ ይታያል።

ዋና ዋና ሆርሞኖች

ኤስትሮጅን፦ በዋናነት ከእንቁላል አምራች ዕጢዎች የሚመነጭ ሲሆን የብልትን እርጥበትና ልስላሴ ይጠብቃል። እንቁላል ከመለቀቁ በፊት መጠኑ ስለሚጨምር፣ አንዳንድ ሴቶች በዚህ ወቅት ፍላጎታቸው ከፍ ይላል።

ፕሮጄስትሮን፦ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ይጨምራል። በእነዚህ ቀናት ፍላጎት ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ቴስቶስትሮን፦ የወንዶች ሆርሞን ተብሎ ቢታወቅም፣ በሴቶችም አካል በአነስተኛ መጠን የሚመረትና ለፍላጎት አስተዋጽኦ ያለው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ፕሮላክቲን፦ የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርግ ሲሆን፣ መጠኑ ሲጨምር ኤስትሮጅን ይቀንሳል።

ለውጡ ጎልቶ የሚታይባቸው ጊዜያት

በጡት ማጥባት ወቅት የኤስትሮጅን መቀነስ የብልት ድርቀት ያስከትላል፤ የእንቅልፍ እጦትና ድካም ሲጨመርበት የእናትየው ፍላጎት ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው። ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚከሰት ሲሆን፣ ተመሳሳይ ድርቀትና በግንኙነት ወቅት ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም እንቁላል አምራች ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ ደግሞ ለውጡ ድንገተኛ ይሆናል።

ሌሎች ምክንያቶች

እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ። ሆርሞን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎች የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ከሴት ሴት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ላይ ለውጥ አይታይም። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የስኳር ሕመም፣ ድባቴ፣ የሴት ልጅ ግርዛት ያስከተለው ሕመም፣ በትዳር ውስጥ ያለ ጥቃትና አለመግባባትም ፍላጎትን ይጎዳሉ። ስለዚህ የደም ምርመራ ውጤት ብቻውን የፍላጎት መቀነስን ምክንያት አይገልጽም።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የፍላጎት መቀነስ በራሱ በሽታ አይደለም። ሆኖም ሁኔታው ለስድስት ወራትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሴትዮዋን የሚያስጨንቃት ከሆነ፣ እንዲሁም ሕመም ወይም ከማረጥ በኋላ የደም መፍሰስ ካለ፣ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ለድርቀት ማለስለሻዎችና በብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይረዳሉ። የሆርሞን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ለጉዳት ይዳርጋል፤ የታዘዘ መድኃኒትንም በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

የትዳር አጋር የፍላጎትን መቀነስ እንደ ፍቅር ማጣት ወይም እንደ ታማኝነት መጓደል መቁጠር የለበትም። በመግባባት መነጋገር፣ ከተቻለም አብሮ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይመከራል። በማንኛውም ሁኔታ ግንኙነት በሁለቱም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል።