ሚዛንና ፍርድ

ሰው ፍርዱን አስቀድሞ በልቡ ከቈረጠ በኋላ ማስረጃ የሚፈልግ እንደ ሆነ፥ እውነተኛ ሚዛን እንኳ ለሐሰት ያገለግለዋል። ይህንንም ለመረዳት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሊቃውንት ስለ ወንድና ስለ ሴት አንጎል የተከራከሩትን ታሪክ ማወቅ ይበቃል። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ቴዎዶር ቢሾፍ የሚባል ስመ ጥሩ የአካል ጥናት መምህር ነበረ። ይህ ሰው የሙታንን አንጎል እየመዘነ ብዙ ዘመን ደከመ፤ የሴት አንጎልም በአማካይ ከወንዱ 100 ግራም ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀል አገኘ። መመዘኑ መልካም ነበር። ነገር ግን በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሴቶች ሕክምናን ሊማሩና ሊሠሩበት አይገባም ብሎ ፈረደ። በ1882 ሲሞት የራሱ አንጎል ቢመዘን 1,245 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም እርሱ ለወንዶች ካወጣው አማካይ ከ100 ግራም በላይ ያንሳል። እንግዲህ በገዛ ሚዛኑ ቢፈረድበት ኖሮ፥ ከመምህርነት ወንበሩ መነሣት በተገባው ነበር።

በአሜሪካም ቀድሞ የጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም የነበረው ዊልያም ሐመንድ በ1887 ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። የሴት አንጎል ከወንድ በብዙ ነገር ይለያልና ልጃገረዶችን እንደ ወንዶች ማስተማር ይጐዳቸዋል አለ። ሔለን ጋርድነር የምትባል ደራሲ ይህን አንብባ ዝም አላለችም፤ ጠየቀች እንጂ። በኒውዮርክ ወደነበሩት የአንጎል ሐኪሞች ሄዳ መረመረች። በ1888ም በዋሽንግተን በተደረገው የሴቶች ጉባኤ ያገኘችውን ተናገረች። የሕፃናትን አንጎል ብቻ አይቶ ይህ የወንድ፥ ያ የሴት ነው ብሎ መለየት የሚችል ሊቅ አላገኘችም። ደግሞም፥ የተመዘነው የማን አንጎል ነው? ብላ ጠየቀች። በወንዶች በኩል የሚጠቀሰው የታወቁ ሊቃውንት አንጎል ሲሆን፥ በሴቶች በኩል ግን የሚቀርበው በሆስፒታል የሞቱ፥ ጠያቂ የሌላቸው ድኾች አንጎል ነበር።

ይህች ሴት በ1920 የአገርዋ የመንግሥት ሠራተኞች ኮሚሽን አባል ሆና ተሾመች። በ1925 ስታርፍ አንጎልዋን ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተናዛ ነበር። ቢመዘን 1,150 ግራም ሆነ፤ የዚያን የአንጎል ስብስብ ከመሠረቱት ከፕሮፌሰር በርት ዋይልደር አንጎል ጋርም እኩል ተባለ።

ዛሬ ሊቃውንት የሚሉትስ ምንድር ነው? የወንዶች አንጎል በአማካይ ከሴቶቹ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይበልጣል፤ ከዚህም ብዙው ከሰውነት ግዝፈት ጋር የሚሄድ ነው። በክብደት ቢሆንማ፥ አንጎሉ ከሰው ብዙ እጥፍ የሚከብደው ዝሆን መምህራችን በሆነ ነበር። በ2015 በቴል አቪቭ ሊቃውንት መሪነት ከ1,400 የሚበልጡ አንጎሎች ተመርምረው፥ አብዛኞቹ በወንዶች ዘንድ የሚበዛውና በሴቶች ዘንድ የሚበዛው ተቀላቅሎ የሚገኝባቸው ሆነው ታይተዋል። ልዩነት የለም አይባልም፤ አማካዩ ግን ስለ አንዲት ልጅ ምንም አይመሰክርም።

እኛም በአገራችን፥ አንጎል የመዘነ ሰው ሳይኖር፥ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለን ፈርደናል። በማስተማር በቈየሁበት ዘመን፥ ወንድሟ ደብተር ይዞ ሲመጣ እርስዋ እንስራ ተሸክማ ወደ ምንጭ የምትወርድ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ያቺን ልጅ ማንም አልፈተናትም፤ ወደቀች ተብላ ግን ተቈጠረች።

ስለዚህ ልጆቼ፥ ቍጥር ይዞ ሰውን ሊያሳንስ የሚመጣ ሲያጋጥማችሁ፥ በቍጥሩ አትደንግጡ፤ ቍጥሩንም አትናቁ። ማን መዘነ፥ ማንን መዘነ፥ ከመመዘኑስ በፊት ምን ሊል አስቦ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ። እኅታችሁ ምን ያህል ልትማር እንደምትችል ማወቅ ብትፈልጉ ደግሞ፥ እንስራውን ተቀብላችሁ ደብተሩን ስጧት።