ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ «ሹ… ሹ…» የሚል ድምፅ አለ? ዝም አትበሉት!

አንድ ሰው ከሞተር ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ይመታል። ቁስሉ ይደርቃል፣ «ተመስገን፣ ተረፍኩ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን አንድ ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ወደ ፊት ይወጣል። ዓይኑ የታመመ መስሎት ጠብታ ገዝቶ ይጠብቃል። ችግሩ ግን ከዓይኑ ጀርባ ያለ የደም ሥር ሊሆን ይችላል።

🔴 ምን ተፈጥሮ ነው?

ደም ቅዳ ከልብ የሚመጣውን ደም በከፍተኛ ግፊት ይወስዳል። ደም መልስ ደግሞ ግፊቱ ከበረደ በኋላ ይመልሰዋል። በመሃል ግፊቱን የሚያበርዱት በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው።

ጭንቅላት በኃይል ሲመታ፣ በተለይ የራስ ቅል ሥር ሲሰበር፣ ካሮቲድ የሚባለው ትልቅ ደም ቅዳ ሊቀደድ ይችላል። ያኔ ደሙ ከዓይን ጀርባ ወዳለው የደም መልስ መጠራቀሚያ በቀጥታ ይገባል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። ፊስቱላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወሊድ ጋር የሚመጣውን ነው፤ ቃሉ ግን መገናኘት የሌለባቸውን ሁለት ቦታዎች የሚያገናኝ ቀዳዳ ማለት ነው።

🔴 ምልክቶቹ

👉 ከልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ የሹሹታ ድምፅ
👉 የዓይን መቅላት፣ ማበጥና ወደ ፊት መውጣት
👉 አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የእይታ መቀነስ
👉 የማይለቅ ራስ ምታት

🔴 ለምን ያሰጋል?

ካልታከመ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የአንጎል ደም መልሶችን ከወጠረ ደግሞ ሊፈነዱና አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ከአፍንጫ የማይቆም ደም ካለ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

🔴 ይታከማል?

አዎ። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ፍንጭ ይሰጣል፤ ቀዳዳውን በትክክል የሚያሳየው ግን አንጂዮግራፊ የሚባለው የደም ሥር ምርመራ ነው። ብዙ ጊዜ ራስ ቅል አይከፈትም። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቀዳዳውን በጥቃቅን የብረት ጥቅልሎች ወይም በሌላ መድፈኛ ይዘጋዋል። የሶቪየቱ ሐኪም ፊዮዶር ሰርቢኔንኮ በ1970ዎቹ በትናንሽ ፊኛዎች እየደፈነ ለዚህ ሕክምና መንገድ ከፍቷል። ደም በቀስታ የሚያልፍባቸው ትናንሽ ፊስቱላዎች አንዳንዴ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

ለዓይን ሐኪምም ቢሆን «ከወር በፊት ጭንቅላቴን ተመትቼ ነበር» ማለትን አትርሱ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ዓይን ልታድን ትችላለች።

ሞተር የሚነዳ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። ሄልሜቱንም አስታውሱት! 🙏