ግልብጥ ስርገት፦ ለጨዋማ አኳሪየም የመጀመሪያው ውሃ

ግልብጥ ስርገት፣ በእንግሊዝኛ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ለሚባለው የውሃ ማጣሪያ ዘዴ እዚህ የምናቀርበው የአማርኛ ስያሜ ነው። ዘዴውን ቀረብ ብለው የሚያውቁት የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ባለሙያዎችና የማጣሪያ ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱም አሳጥረው «አር ኦ» ይሉታል። ካርቱም ተቀምጦ ቤቱ ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር የሚሻ ሰውም ቢያውቀው ይበጀዋል። የጨዋማ አኳሪየም ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ዓሣው ሳይገዛ፣ ገንዳው ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሞላበት ውሃ ነውና።

ስርገቱ ውሃ አፈር ውስጥ ሰረገ ከምንለው የተወሰደ ነው። ውሃ በስስ ገለፈት አልፎ ጨው ከሌለበት ወገን ጨው ወዳለበት ወገን በራሱ ይሄዳል። ተክል በሥሩ ውሃ የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ዣን አንቷን ኖሌ እ.ኤ.አ. በ1748 አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፉን በአሳማ ፊኛ ሸፍኖ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ውሃው በፊኛው ሰርጎ ወደ ውስጥ ገባና ፊኛው ተነፋ። ግልበጣው የሚመጣው ጨው ያለበት ወገን በኃይል ሲጫን ነው። ያን ጊዜ ውሃው ወደመጣበት ይመለሳል፤ ጨውና ሌላው የሟሟ ነገር ግን አብዛኛው ማለፍ ተስኖት ከገለፈቱ ወዲህ ይቀራል። ለባሕር ውሃ ስርገቱን ለማቆም ብቻ 27 ባር ያህል ግፊት ስለሚያስፈልግ የባሕር ውሃ የሚያጣሩ ፋብሪካዎች ከ55 እስከ 70 ባር ይጫናሉ። ለቧንቧ ውሃ ከ3 እስከ 5 ባር ይበቃል። ሐሳቡን ለሥራ ያበቁት በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሲሆኑ፣ በዚያው ግዛት ኮሊንጋ በምትባል ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ በዚህ ዘዴ መጣራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

አሁን ወደ ካርቱም። ነጭ አባይና የእኛው አባይ የሚገናኙባት ከተማ ውሃዋን ከሁለቱም ወንዞችና ከጉድጓድ ትቀዳለች። አባይ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚያመጣው ደለል ወንዙን ቡናማ ያደርገዋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ከዚህ ደለል ብዙውን ያስቀራል፤ ውሃው ውስጥ የሟሟው ግን አብዛኛው ያልፋል። የሱዳን ሴቶች ድፍርሱን ውሃ ማጥራት ከጥንት ያውቁበታል። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በጥናቷ እንዳሳየችው፣ የሽፈራው ዘር ፈጭተው እንስራው ውስጥ ይበትናሉ፤ የዘሩ ፕሮቲን የጭቃውን ብናኝ እርስ በርሱ አያይዞ ወደ ታች ያወርደዋል። ዛፉንም በዐረብኛ የማጥሪያ ዛፍ ብለው ይጠሩታል። የከተማው ማጣሪያ ጣቢያ አሉም በሚባለው ኬሚካል የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይለይም። ድፍርሱ ይረጋል፣ ውሃው ይጠራል፣ ክሎሪን ይገባበታል።

ለመጠጥ ይህ መልካም ነው። የጠራ ውሃ ግን ባዶ ውሃ አይደለም፤ በአኳሪየም ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ወለል ብሎ የሚታየው ውሃ ሲሊካ፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ከቧንቧና ከቧንቧ መገጣጠሚያ የሟሟ መዳብ ሊኖርበት ይችላል። ሲሊካ ዳያተም የሚባሉትን ደቂቅ አልጌዎች ይቀልባል፤ አዲስ ገንዳ አሸዋው ላይ ቡናማ ልባስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት አረንጓዴውን አልጌ ያፋፋሉ። መዳብ ደግሞ ለሰው በማይጎዳ መጠን ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ክሎሪን ክፍት ዕቃ ውስጥ ካደረ አብዛኛው ይተናል፤ ከአሞኒያ ጋር የተቀናጀው ክሎራሚን ግን በማደር አይለቅም። ክሎራሚን በዓሣው ስንጥብ ወደ ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የኩላሊት እጥበት ክፍሎችም ይህንኑ በጣም ይፈሩታል። በአንድ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ከታማሚው ደም በገለፈት ብቻ ተለይቶ ስለሚያልፍ፣ ውሃው በከሰልና በግልብጥ ስርገት ሳይጣራ ወደ ማሽኑ አይገባም።

በካርቱም ነገሩን የሚያከፋው ሙቀቱ ነው። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ የሟሟው ሁሉ፣ እሳት ላይ እንደተረሳ ወጥ ጨው፣ ይቀራል። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በደረቁ ወራት በቀን 2 ሊትር ተነነበት እንበል። በ50 ቀን ውስጥ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ተጨመረበት ማለት ነው። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ በሊትር 150 ሚሊግራም የሟሟ ነገር ካለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ 15 ግራም ያልተፈለገ ማዕድን ገባ፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው መዳብ፣ የትኛው ሲሊካ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሌትም፣ በየቀኑ የሚተነውን የሚተካውም ውሃ አንድ ዓይነት፣ ባዶ ውሃ መሆን አለበት። የሚተካው ጨው አይገባበትም።

ቀይ ባሕር እያለ ባዶ ውሃ ላይ ጨው መበጥበጥ ለምን? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። የሱዳን ባሕር በዓለም ከሚታወቁት የኮራል ባሕሮች አንዱ ነው። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ በሻዓብ ሩሚ የኮራል ሪፍ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ሠርቶ ሰዎችን አንድ ወር አኑሯል። የሳንጋነብ የባሕር ፓርክም ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፖርት ሱዳን ለሚኖር ሰው ከወደቡና ከዘይቱ ርቆ ከጥልቁ የተቀዳ ውሃ ጥሩ ምርጫ ነው ባይ ነኝ። ለካርቱም ግን አልመክረውም። መንገዱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ውሃ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን የተሞላ ስለሆነ ጀሪካን ውስጥ ታሽጎ በሙቀት ሲጓዝ እነሱ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ ውሃውን በአሞኒያ ይበክሉታል። ደግሞም ቀይ ባሕር ከሌላው ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ ነው። የዓለም አማካይ በኪሎ 35 ግራም ሲሆን እዚያ 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። ከሌላ ባሕር ለመጡ ዓሣዎች ወደ 35 ለማውረድ መልሶ ባዶ ውሃ ያስፈልጋል።

የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን ተጨምሮበታል ወይም ከምንጩ ይዞ መጥቷል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን በምን ዕቃ እንደተዘጋጀ ካልታወቀ መዳብ አለበት የለበትም ማለት አይቻልም፤ አጠገቡ ከሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ጋር መሳሳቱም አደገኛ ነው።

የቤቱ ማጣሪያ አራት ደረጃ አለው። ውሃው መጀመሪያ ደለል በሚይዝ ክር ያልፋል፣ ቀጥሎ በአክቲቭ ከሰል፣ ከዚያ በገለፈቱ፣ በመጨረሻም የተረፈውን ማዕድን በሚለቅም ሬዚን። ከሰሉ ከገለፈቱ በፊት የሚቀመጠው ክሎሪን ገለፈቱን ስለሚበላው ነው። ገለፈቱ ከሟሟው ከመቶ 95 ወይም ከዚያ በላይ ያስቀራል፣ ሬዚኑ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ውጤቱ የሚታወቀው ቲ ዲ ኤስ ሜትር በምትባል እስክሪብቶ በምታክል መለኪያ ነው፤ ከሬዚኑ የወጣው ውሃ 0 ማሳየት አለበት። ከ0 ከፍ ካለ ሬዚኑ ይቀየር። በካርቱም ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ አባይ በሚሞላበት ወቅት የደለል ማጣሪያው ቶሎ ስለሚዘጋ መለዋወጫ በእጅ ይኑር። ሁለተኛ፣ ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ቀኑን የጋለ ውሃ በቀጥታ አይግባ፤ ብዙዎቹ ገለፈቶች ከ45 ዲግሪ በላይ ይበላሻሉ። ውሃው ሌሊት በርዶ ንጋት ላይ ቢጣራ ይሻላል። የቧንቧው ግፊት ከ3 ባር ካነሰ ትንሽ ሞተር ያስፈልጋል።

ባዶው ውሃ ከተገኘ የቀረው ቀላል ነው። ለ100 ሊትር 3 ኪሎ ተኩል ያህል የአኳሪየም ጨው፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ትንሽ ጨመር ተደርጎ ይገባል። የወጥ ጨው አይተካውም፤ በባሕር ውስጥ ካለው ማግኒዝየም፣ ካልሲየምና ፖታስየም የሚበቃ የለውም። ሁልጊዜ ጨውን ወደ ውሃ ጨምሩ፣ ውሃን ወደ ጨው አትጨምሩ። ያለበለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይረጋል። ፓምፑ ለ24 ሰዓት ያዙረው፣ ከዚያ ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር ይለካ። በኪሎ 35 ግራም ወይም በጥግግት 1.026 ከሆነ ልክ ነው። ዓሣ ግን ገና ነው። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪደራጁ አንድ ወር አካባቢ ይወስዳል።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ካርቱም ላይ ሲጀመር በሰሜን ካርቱም ያለው የባሕሪ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ወዲያው ቆመ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የኃይል ጣቢያዎች በድሮን ሲመቱ ውሃው እንደገና ተቋረጠ፣ ኮሌራም ተስፋፋ። ብዙ ሰው ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዛ በሚኖርበት ከተማ፣ ግልብጥ ስርገት ለአንድ ሊትር ባዶ ውሃ 3 ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃል። 100 ሊትር ለመሙላት 300 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። የውሃ መስመር ባልተመለሰበት ሰፈር ገንዳው ይቆይ፤ ይህ አቋሜ ነው። ውሃው በተመለሰበትም ከማጣሪያው የሚወጣው ቀሪ ውሃ ከቧንቧው ትንሽ ማዕድን የበዛበት እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ቱቦውን በርሜል ውስጥ አስገቡና ልብስ እጠቡበት፣ ወለል ወልውሉበት፣ ሽንት ቤት ልቀቁበት፣ የሚፈልግ ጎረቤት ካለም ቅዱለት።