የጀጎል ነጋዴና የባሕር ማዶ ወዳጁ

ጀጎልን የሚጐበኝ ሰው አስቀድሞ የሚያደንቀው ግንቡን ነው። በ16ኛው ምዕት ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ይህ ግንብ ከተማዪቱን ከጠላት ጠብቋታል። ያበለጸጋት ግን በጥንቶቹ አምስት በሮች ይወጣና ይገባ የነበረው ንግድ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ሊመረመር የሚገባው ይመስለናል።

የሐረር ነጋዴ መርከብ አልነበረውም። ሀብቱ ቡናና ቆዳ፣ ከዚያም ይልቅ ዕውቀትና ወዳጅ ነበር። በቤቱ ሐረሪኛ፣ ከገበሬው ጋር ኦሮምኛ፣ ከግመል ነጂው ጋር ሶማልኛ ይናገራል፤ ከጠረፍ ነጋዴ ጋር በዓረብኛ ይጻጻፋል። ለመንገዱም «አባን» የሚባል የአገር ተወላጅ ጠባቂ ይይዛል። የነጋዴውን ዕቃ የነካ የአባኑን ጎሣ እንደ ነካ ይቈጠር ነበርና፣ ቅፍለቱ በጌልዴሳ በኩል ዘይላ ይደርሳል፤ ቡናውም ባሕር ተሻግሮ ኤደን ይገባል።

ግብጻውያን ሐረርን በያዙበት ዘመን፣ በ1873 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ የባርዴይ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ መጣ። ገንዘብ የነበረው ይህ የኤደን ድርጅት እንኳ ከዚያው መንገድና ከዚያው ልማድ ሊወጣ አልቻለም።

በ1895 ዓ.ም. ግን የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ንግዱም ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ፤ አሮጌው የቅፍለት መንገድ ተዳከመ። መንገድ ይለወጣል፤ ቋንቋ ማወቅንና መታመንን ግን ባቡር አይተካቸውም።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛም ግንቡን ስንጠብቅ፣ በበሮቹ የወጣውን አደራ ጠባቂነት አብረን ልንጠብቅ ይገባናል።