የዳሌ ስብራትና የቀዶ ሕክምናው ሰዓት

አምና ክረምት የ81 ዓመት አክስቴ መታጠቢያ ቤት በር ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ቀኝ እግራቸው ከግራው አጥሯል፣ ወደ ውጭም ዞሯል፤ መቆም አልቻሉም። ግማሹ ዘመድ «ወጌሻ ይጠራ» አለ፣ ግማሹ «ትንሽ ይረፉበት»። ሆስፒታል የደረሱት በሦስተኛው ቀን፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በዘጠነኛው ቀን ነው።

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይርጋ የሚባለውን ነገር ግን አውቃለሁ፤ ጊዜው ካለፈ መብትም አብሮ ይቀራል። የዚህ ስብራት ይርጋ ስንት ሰዓት ይሆን ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ።

የዳሌ ስብራት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ዳሌው ላይ ሳይሆን ከዳሌ ጋር በሚጋጠመው የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። አዛውንቱን የሚጎዳው ደግሞ ከስብራቱ ይልቅ መተኛቱ ነው። የሳንባ ምች ይመጣል፣ በእግር ደም ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ጀርባ ይቆስላል፣ አእምሮ ይቃዣል። በበለጸጉት አገሮች እንኳ ከአምስት ሕሙማን አንዱ ያህል ዓመት ሳይሞላው ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ጥናት የ42,230 ሕሙማንን መዝገብ መርምሯል። ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የነበሩት ሲነጻጸሩ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ከጠበቁት 6.5 በመቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታከሙት 5.8 በመቶ በ30 ቀናት ውስጥ ሞተዋል።

ጠበቃ ቢሆን እዚህ ላይ ተቃውሞ ያነሳል፤ የዘገዩት ቀድሞውንም ልባቸው ወይም ሳንባቸው የደከመ ቢሆኑስ? ለዚህ የተሻለው ማስረጃ በ2020 ላንሴት ላይ ወጣ። በ17 አገሮች፣ በ69 ሆስፒታሎች 2,970 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በምርመራ ከታወቀለት በኋላ በአማካይ በ6 ሰዓት፣ ሌላው በ24 ሰዓት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ90 ቀናት ውስጥ የሞቱት 9 እና 10 በመቶ ናቸው፤ ለውጥ አለ የሚያሰኝ አይደለም። የፈጠኑት ግን የቃዡት ያነሱ ነበሩ፣ ቶሎ ቆሙ፣ ቶሎም ቤታቸው ገቡ።

ይህን ጥናት ይዞ «መቸኮል ጥቅም የለውም» የሚል አይጠፋም። ልብ በሉ፤ «ዘገየ» የተባለው ቡድን የጠበቀው አንድ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን የተጠበቀበት ወገን በችሎቱ ላይ አልነበረም።

እንግሊዞች በ2010 ቀነ ገደቡን ከገንዘብ ጋር አሰሩት፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገ ሆስፒታል፣ ሌሎች መስፈርቶችንም ካሟላ፣ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኝ ተደረገ። በ2011 የወጣው መመሪያቸውም በገቡበት ቀን ወይም በማግስቱ ይደረግ ይላል። እርግጥ የደም ማነስ፣ ያልተስተካከለ ስኳር ወይም የልብ ድካም ያለበት ቀድሞ መስተካከል አለበት፤ ያም ቢሆን በፍጥነት። ሕመምተኛው ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ቤተሰብ ገና በር ላይ ይናገር። አስፕሪን ብቻውን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

የአክስቴን ዘጠኝ ቀን ሳሰላው ሁለቱ የእኛ የቤተሰቡ ክርክር ነው። የቀሩት የሚገባላቸውን ብረት ፍለጋና ተራ ጥበቃ ናቸው። ዛሬ በምርኩዝ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ይሄዳሉ። ድሮ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር።