ከካሜራው ወደ ቢሮው፦ በወሎ የተከፈተ መንገድ

ደሴ ፒያሳ ላይ የእርዳታ ድርጅት ዓርማ የለጠፈ ላንድክሩዘር ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ትናንት በቴሌቪዥን ማይክ ይዞ ከተማው የሚያውቀው ጋዜጠኛ ዛሬ «የኮሙኒኬሽን ባለሙያ» ሆኖ ከዚያ መኪና ሲወርድም ማንም አይደነቅም። ቡና ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን ከሁለት አያልፍም፤ አንዱ «አለፈለት» ይላል፣ ሌላው «ሙያውን ሸጠ»። ሁለቱም ታሪኩን አይነኩትም። ቴሌቪዥንና እርዳታ የተሳሰሩት እዚሁ ወሎ ውስጥ ነውና።

በ1965 ዓ.ም ወሎ ሲራብ መንግሥት ደበቀው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ያነሱትን ፎቶ ግቢያቸው ውስጥ ቢያሳዩም የአገሪቱ ቴሌቪዥን ትንፍሽ አላለም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው «ያልታወቀው ረሃብ» በብሪታኒያ ተላለፈ፤ የእርዳታ ገንዘብም ጎረፈ። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ለኢትዮጵያውያን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተራቡት ሰዎች ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ፊልሙን የያዘው እጅ ነው። በጋዜጠኛው እጅ ጥያቄ የነበረው ምስል በደርግ እጅ መሣሪያ ሆነ።

ደርግም በተራው ደበቀ። አሥረኛው የአብዮት በዓል እስኪያልፍ ጋዜጠኞችን ወደ ሰሜን አላሳለፈም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም ያመጡት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ከሁለት ቀን በኋላ የፒተር ጊል «መራራ አዝመራ» በቴምዝ ቴሌቪዥን ተከተለ። ጊል ረሃቡን ብቻ አላሳየም፤ አውሮፓ የተረፈ እህል ከምራ ሳለ ኮረም ላይ ሰው ለምን ይሞታል ብሎ ጠየቀ።

የቡናውን ክርክር የሚፈታው የዚህ ሰው ቀሪ ሕይወት ነው። ጊል ኋላ ላይ የዛሬው የደሴ ጋዜጠኛ የገባበትን በር ገባ። ቢቢሲ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ተቋም፣ የዓለም አገልግሎት ትረስት፣ ሕንድ ውስጥ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ኤችአይቪ ያካሄደውን የመገናኛ ብዙኃን ዘመቻ መራ። ሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ መሆኑን ለሕዝብ መንገር ክቡር ሥራ ነው፤ ሙያ መሸጥ አይባልም። ግን እዚያ ገብቶ ዝም አላለም። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መንግሥትን ብቻ ሳይሆን የእርዳታውን ዓለም ራሱን መረመረ።

ስለዚህ ቁም ነገሩ መሻገሩ አይደለም። የጋዜጠኛ ደመወዝ ቤት ኪራይ ካልሸፈነ የተሻለ የከፈለው ዘንድ መሄዱ አያስነውርም። የሚለወጠው ግን አድማጩ ነው። ጋዜጠኛው ለከተማው ሕዝብ ይናገር ነበር፤ የኮሙኒኬሽን ባለሙያው የሚጽፈው ለገንዘብ ሰጪው ነው። የሚፈለግበትም የስኬት ታሪክ ነው። ያልደረሰውን ስንዴ ቢያነሳ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ይባላል።

ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለውን አስጠግተዋል፤ እነሱም በተራቸው ተይዘዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም መጋዘኖች ሲዘረፉ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱም ከተሞች ሥርጭቱን አቁሟል። ምን ያህል ገባ? ማን ወሰደው? ለማን ደረሰ? አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሌሎች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይከበራል ወይ ብሎ ሒሳቡን የሚያገላብጥ ሰው ከውጭ ያስፈልጋል።

ወሎ ሁለት ጊዜ ያለቀችው እህል ስላጣች ብቻ አይደለም፤ በጊዜው የሚጠይቅላት ስላጣችም ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዝምታውን የሰበሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ናቸው። ጠያቂዎቿን ድርጅቶች አንድ በአንድ ሲቀጥሩባት የለቀቁትን ወንበር የሚሞላ ሰው ካልተገኘ፣ የሚቀጥለውን ክፉ ቀንም የሚነግርላት ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆንባታል።